የእንግዳ አየር

ፋብሪካውን ሊያዩ የመጡት የጨርቅ ገዢዎች መኪና ከግቢው ገና ሳይወጣ ፎርማኑ የአቧራ መምጠጫውን አጠፋው። ጣሪያ ሥር ያለው ትልቁ ቱቦ አጓርቶ ዝም አለ። ክብሪት ጥርሷን ነከሰች። ይኼ መምጠጫ ከተተከለ ጀምሮ የሚበራው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው።

«ክብሪት» ያሏት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው፤ ቶሎ ስለምትነድ። የምትሠራው በጨርቅ ፋብሪካው የማለስለሻ ማሽን ላይ ነው። ከፀጉር በቀጠነ ክር የተሸመነው ጨርቅ እሷ ጋ ሲደርስ እንደ ላስቲክ ልሙጥ ነው። ማሽኑ ብርጭቆ ወረቀት በተጠቀለለባቸው፣ በሚሽከረከሩ ዘንጎች ላይ እየጎተተ ይፍቀዋል። ያን ጊዜ የላይኛው ክር ይበጣጠስና ጫፍ ጫፉ ይቆማል፤ ጨርቁም የጥንቸል ጆሮ ይመስላል። ሰው ሶፋ መሸጫ ገብቶ በመዳፉ እየዳበሰ «ወይ ልስላሴ!» የሚለው ይህንን ነው። የተፋቀው ብናኝ ግን መምጠጫው ካልሳበው መግቢያው የሠራተኞቹ ደረት ነው።

ከማሽኑ ማዶ የለሰለሰውን ጨርቅ የምትቀበለው እትዬ፣ ጠዋት እንግዶቹ እያሉ አንዴም ያላሳለችው ሴትዮ፣ ወዲያው ሳሏ ተነሣባት።

«አለቃ፣ ለምን አጠፉት?» አለች ክብሪት ማሽኑን አቁማ።

«የመብራቱን አንቺ ነሽ የምትከፍዪው?»

«መምጠጫው የተገዛው ለእንግዳ ሳንባ ነው? የእኛ ከቆርቆሮ ነው የተሠራው?»

«ሻሽሽን አፍሽ ላይ እሰሪና ሥሪ! ድሮ ያለ መምጠጫ ስትሠሩ አልነበር?»

«ድሮማ አልነበረም። አሁን ግን አለ፤ ተገትሮ ስንታፈን ያየናል!»

ሠራተኛው ሁሉ ዞሮ አየ። ፎርማኑ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስሚኝ እህቴ፣ ፎቅ ላይ ማሸጊያ ክፍል ቦታ አለ። ንጹሕ ነው፤ መስኮትም አለው። ከነገ ጀምሮ እዚያ ትገቢያለሽ። ብቻ አሁን ማሽኑን አስነሺ።»

ክብሪት ለአፍታ መስኮቱ ታያት። ማታ ማታ ትንሿ ልጇ ከእናቷ ቅንድብ ላይ ብናኝ መልቀሟ ሲቀር ታያት።

«ሂጂ እንጂ፣ እታለም» አለቻት እትዬ። «አንቺ እንኳ ትረፊ። እኔ ለምጄ...» ሳሉ አጎበጣትና ሳትጨርሰው ቀረች።

ክብሪት ውስጧ ጨሰ። በፎርማኑ ብቻ አይደለም፤ መስኮቱን በተመኘችው በራሷም ጭምር።

«እኔ ስሄድ እዚህ ማን ይቆማል?»

«ሌላ ሰው ይቆማላ!»

«እሱስ ሳንባ የለውም?»

ፎርማኑ ነገሩ ስለመረረው ማሽኑን ራሱ ሊያስነሣ ወደ ማስነሻው ቁልፍ አመራ። ክብሪት ቀደመችው። ባዶ የክር ሣጥን በእግሯ ስባ ቁልፉ ፊት ለፊት አስቀመጠችና ጀርባዋን ለቁልፉ ሰጥታ ተቀመጠችበት።

«መጀመሪያ መምጠጫው» አለች።

«ከሥራ ትባረሪያለሽ!»

«መጀመሪያ መምጠጫው።»

እትዬ የያዘችውን የጨርቅ ጫፍ ለቀቀችው። አፏን በክንዷ እየጠረገች ማሽኑን ዞራ መጣችና ሣጥኑ አጠገብ ቆመች።

«እስቲ ጠጋ በዪልኝ» አለች።