ውሃ የሚፈራው ቦዞ

ባሬማ ካራቤንታ ኒጀር ወንዝ ላይ ተወልዶ፣ ኒጀር ላይ ጥርስ ያበቀለ፣ ዓሣ በማጥመድ ከሚታወቀው የቦዞ ሕዝብ የሆነ ቀዛፊ ነው። ፈረንሳዮች ከጀርመን ጋር ጦርነት ገጥመው የወደቡ ፈረንሳዊ አዛዥ ቀዛፊዎችን እየመዘገበ ወደ ግንባር መላክ ሲጀምር ግን፣ ባሬማ "እኔ ውሃ አላውቅም" ብሎ ድርቅ አለ። ምን ያድርግ? ቀድመው ከሄዱት አንድም የተመለሰ የለ!

ለምስክርነት የተጠራው የአዛዡ ዘበኛ አታንዱ ነው፤ የገደል አገር ሰው፣ ከሽንኩርት አብቃዩ የዶጎን ሕዝብ። ዶጎንና ቦዞ አባቶቻቸው በገቡት ቃል ኪዳን ስድባቸው ሰላምታ ነው፤ አንዱ በሌላው ላይ መጨከን ግን እርም ነው። አዛዡ ይህን ከየት ይወቀው! በየማለዳው ገበያ መሃል "አንተ የሽንኩርት ከረጢት!" "አንተ የዓሣ ግማት!" ሲባባሉ እየሰማ ደመኞች መስለውታል። ደመኛውን ለማዳን የሚዋሽ ደግሞ የለም ብሎ ተማመነ።

"ይህ ሰው ቀዛፊ ነው?"

"ይሄ?" አለ አታንዱ ፊቱን አጨፍግጎ። "ጌታዬ፣ ይሄ ፈሪ ፊቱን እንኳ የሚታጠበው በአሸዋ ነው!"

ወንዙ ዳር ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች በሳቅ ፈነዱ። ባሬማ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። አያቱ እኮ ወንዙን የሚያዙ የውሃው አለቃ ነበሩ!

"እውነት ነው፤ እፈራለሁ" አለ አንገቱን ደፍቶ።

አዛዡ ይህን ሲሰማ ለማረጋገጥ ወደ ወንዙ ገፈተረው። ባሬማም ተንደፋደፈ፣ "ኧረ የሰው ያለህ!" ብሎ ጮኸ፣ ውሃ ጠጣ። አዛዡ ስሙን ከመዝገቡ ሰረዘና "አውጣው" አለ ዘበኛውን። አታንዱ የጠመንጃውን ሰደፍ ሊያቀብለው ሲያጎነብስ የራሱ ሳቅ አንገዳገደውና ተምዘግዝጎ ውሃው ውስጥ ገባ። ገደል ላይ ያደገ ሰው ዋና ከየት ያምጣ?

ባሬማ መንደፋደፉን ትቶ አንዴ በአዛዡ እጅ ያለውን መዝገብ፣ አንዴ ውሃውን አየ። የዘበኛው ኮፍያ ብቻ ተንሳፍፏል።

"ወይ የኔ ነገር!" አለና ጠለቀ። ብቅ ሲል አታንዱን በአንገትጌው አንጠልጥሎ፣ በአንድ እጁ እየዋኘ ነው። ሴቶቹ እልል አሉ። አዛዡ ብዕሩን እንደገና ቀለም ውስጥ ነከረ።

"የዓሣ ግማት!" አለ አታንዱ ውሃ እየተፋ። "ማን አውጣኝ አለህ? ስንት ለፍቼ አሰርዤልህ!"

"ዝም በል! ወንዛችን ሽንኩርት ሽንኩርት ይሽተት እንዴ?" አለ ባሬማ። ስሙ ለግንባር ሲጠራ እንኳ የአታንዱን አንገትጌ ገና አልለቀቀም።