አለቃ የቆመባቸው ቦታዎች

ውሻው እንደገና ቆመ። ኧረ ይኼስ ምን ዓይነት ፍጡር ነው! ከአውቶቡስ ከወረዱ ገና የመጀመሪያዋን ኮረብታ እንኳ አላጋመሱም፤ እሱ ግን ድንጋይ ባየ ቁጥር፣ ቁጥቋጦ ባየ ቁጥር፣ አፍንጫውን ቀብሮ ይገተራል። ስሙ አለቃ ነው። ፊሽካ ደግሞ ስሙን በጠራች ቁጥር፣ «መሥሪያ ቤት ያለው አለቃ አንሶኝ ነው?» እያለች ታጉረመርማለች።

ፊሽካ የሚሏት አውቶቡስ ተራ ያሉት ሾፌሮች ናቸው። ሥራዋ ስምሪት ነው፤ የትኛው አውቶቡስ መቼ እንደሚወጣ የምትወስነው እሷ ናት። ፊሽካዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ በር ላይ ትቆማለች፤ ሾፌር ሲጋራውን ልጨርስ ብሎ ትንሽ ከዘገየ ጆሮው እስኪደነቁር ትነፋበታለች። ከፌርማታ ውጪ ሰው ያወረደ ሾፌርማ ወየውለት! ቤቷም ስትገባ ያው ናት። ጎረቤቶቿ እንደሚሉት ከሆነ ድስቷ እንኳ ሳትፈቅድለት አይፈላም።

አሁን ከፊቷ ጎንበስ ብለው የቆሙት አባቷ ናቸው፤ የአለቃን ገመድ የያዙትም እሳቸው። ሰውየው ዕድሜያቸውን ሙሉ ታፔላ ሲሥሉ የኖሩ ናቸው። የፀጉር አስተካካዩን ጭንቅላት፣ የጎማ ጠጋኙን ጎማ፣ የጥርስ ሐኪሙን ጥርስ፣ ሁሉንም ሥለዋል። ከሁሉም በላይ ግን ስማቸው የሚነሳው በፏፏቴያቸው ነው። በከተማው ውስጥ የእሳቸው ፏፏቴ የሌለበት ምግብ ቤት ማግኘት ይከብዳል፤ ከገደል አፋፍ ቁልቁል የሚወርድ ነጭ ውሃ፣ ከሥሩ ጭስ የመሰለ ፍንጣቂ። የሚገርመው፣ ፏፏቴውን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም! የሣሉት ከአሮጌ የግድግዳ ካላንደር ላይ አይተው ነው። ፏፏቴው ያለው የአውቶቡሱ መስመር ከሚያልቅበት ወዲያ፣ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ላይ ነው። መቼስ ሰው ቅርብ ያለውን ነገር «ነገ አየዋለሁ» እንዳለ ነው ዕድሜው የሚያልቀው።

አሁን ደግሞ ዓይናቸው እየጠፋ ነው። ሐኪሙ ሳይሸፋፍን ነግሯቸዋል፤ መድኃኒት የለውም፣ ማየት የሚፈልጉት ነገር ካለ አሁን ይዩት። ፊሽካ ያን ቀን ከሐኪም ቤቱ ስትወጣ ደረጃው ላይ ቆማ፣ «ፏፏቴውን ሳያይ ዓይኑ አይጠፋም!» ብላ ማለች። ከሥራ አለቃዋ ጋር ተጨቃጭቃ የዕረፍት ቀን አስፈቀደች። ለአባቷ የመንገድ ጫማ ገዛች። መንገዱን የሚያውቁ ሰዎችን ጠየቀች፤ ፀሐይዋ ከቀትር በኋላ ገደሉን ስለምትለቀው ከዚያ በፊት መድረስ እንደሚያስፈልግ ነገሯት። በቃ፣ ጉዞውን እንደ አውቶቡስ መስመር አወጣችው፤ ድልድዩ፣ ትልቁ ቋጥኝ፣ የጥዱ ደን፣ መጨረሻው ፏፏቴው። «ከፌርማታ ውጪ መቆም ክልክል ነው፣ አባዬ» አለች ጠዋት የጫማቸውን ክር እያሰረችላቸው። አባቷም ሳቁ።

ይኸው እንግዲህ ያለ ፌርማታው ተቆመ።

«ነይማ ይኼን እዪ» አሉ አባቷ። የወደቀ ግንድ አጠገብ ተንበርክከው አፍንጫቸው ግንዱን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ከአለቃ ጋር ጉንጭ ለጉንጭ ገጥመዋል። «ይኼን ብርቱካናማ ተመልከቺ! ከዳሩ ነጣ ብሎ ወደ መሀል እየጠቆረ... እንዲህ ዓይነቱን ቀለም በዕድሜዬ በጥብጬ አላውቅም።»

«እንጉዳይ ነው አባዬ። ተነስ፣ ይረፍድብናል።»

ተነሱ። ብዙም ሳይሄዱ አለቃ የአንድ ቁጥቋጦ ሥር ጫረና አስነጠሰው። አባቷ ጎንበስ ብለው ጥንዚዛ ይዘው ተነሱ። መዳፋቸው ላይ አድርገው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። «አረንጓዴ ነው ስትይ ሐምራዊ ይሆናል፤ ሐምራዊ ነው ስትይ...»

«አባዬ! ጥንዚዛ ለማየት ነው እንዴ የመጣነው? ጥንዚዛ ግቢያችንም ሞልቷል!»

«ግቢያችን ያለው ጥቁር ነው።»

«ይሁና! ፀሐይዋ እኛን ቆማ አትጠብቀንም።»

ቀጥሎ የእባብ ቆዳ ተገኘ፤ የተገፈፈ፣ እንደ ላስቲክ የሳሳ። ቀጥሎ አለቃ ከድንጋይ ሥር የጉንዳን ሰልፍ አግኝቶ፣ አባትና ውሻ ጉንዳን ሲያጅቡ ቆሙ። የፊሽካ ደም ፈላ። ሰዓቷን አየች፣ ሰማዩን አየች፣ እንደገና ሰዓቷን አየች። ዓይናቸው ሳይጠፋ ይህን አንድ ነገር ላሳያቸው ብላ ስንቱን ተጣልታ፣ እዚህ ቆሞ ጉንዳን መቁጠር!

«አምጣው ገመዱን» አለች።

«ኧረ እኔ እይዘዋለሁ...»

«አምጣው አልኩህ አባዬ። እንዲህ ከሆነማ ዓመትም አንደርስ።»

አባቷ ከጉንዳኖቹ ላይ ቀና አሉ። ገመዱን ሰጧት። ከዚያ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርገው፣ «ትንሽ ደክሞኛል፤ ተደግፌሽ ልሂድ» አሉ። እሷም «ታዲያ ጉንዳን ላይ ስትንበረከክ ባትውል!» ብላ ወደፊት ገሰገሰች።

ከዚያ ወዲያ መስመሩ መስመር ሆነ። አለቃ ሲገተር ትጎትተዋለች፤ ሲያለቅስ ጆሮ ዳባ ልበስ ትላለች። የደኑ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ውሻው አብዶ ወደ ግራ ሳባት፤ ገመዱ እጇን ሊልጠው ደረሰ።

«ምንድነው? ምን አግኝቶ ነው?» አሉ አባቷ።

«ምንም አይደለም። የተጣለ ትራክተር ነው።»

«እዚህ ጫካ ውስጥ? ምን ዓይነት?»

«አሮጌ ነዋ! ስንመለስ ታየዋለህ።»

ከትራክተሩ በኋላ ኩሬ መጣ። አለቃ ዳሩ ላይ ቆሞ አንድ ነገር ላይ ይጮኻል። «ኩሬ ነው፣ ስንመለስ» አለች። ከኩሬው በኋላ ጣራው የወደቀ ቤት፣ ግድግዳው ላይ አንድ ነገር የበቀለበት። «ፍርስራሽ ነው፣ ስንመለስ።» አባቷም በየጊዜው «እሺ፣ ስንመለስ» ይላሉ። አንዴ የዛፍ ሥር ጠልፏቸው ሊወድቁ ሲሉ ትከሻዋን ጨምድደው ያዙ። «እግርህን እያየህ ሂድ እንጂ አባዬ!» ብላ ጮኸችባቸው። «እሺ» አሉ እሱንም።

ደረሱ። ያውም ፀሐይዋ ገደሉን ሳትለቅ! ፊሽካ ከኩራቷ የተነሳ ፊሽካዋን ብትይዝ ኖሮ ትነፋው ነበር። ፏፏቴው ከፊት ለፊታቸው ነው፤ ምድሩ ከእግራቸው ሥር ይንቀጠቀጣል። ሌሊቱን ከላይ ከባድ ዝናብ ጥሎ ኖሮ ውሃው ደፍርሷል፤ ቀይ ነው፣ ሸክላ የሚሠሩበት ጭቃ የመሰለ ቀይ፣ ገደሉን ሊገነድሰው የተቆጣ።

«ደረስን አባዬ! በሰዓቱ!»

አባቷ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ፍንጣቂው ፊታቸውን አራሰው። ከዚያም ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ «ወይ ግሩም! ወይ ግሩም! ነጭነቱ እኮ! ልክ እኔ እንደሣልኩት» አሉ።

ፊሽካ ሳቀች። የቀለዱ መስሏት ነው። ዞር ብላ ስታያቸው ግን ሳቋ አፏ ላይ ደረቀ። አባቷ የሚያዩት ፏፏቴውን አይደለም። ፊታቸውን ያዞሩት ከፏፏቴው ጎን ወዳለው ባዶ ገደል ነው።

«አባዬ፣» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ውሃው ምን ዓይነት ቀለም ነው?»

«ነጭ ነው አልኩሽ እኮ።»

«ቀይ ነው፣ አባዬ።»

ባርኔጣቸውን በእጃቸው ማዟዟር ጀመሩ። «ደፍርሶ ነዋ» አሉ። «ይኼን እንኳ መገመት ነበረብኝ።»

ፊሽካ ክው አለች። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቆየ። ከክንዴ ወዲያ ያለው ሁሉ ጉም ነው። ቅርቡን ግን፣ ደህና ፀሐይ ካለና አፍንጫዬ ሥር ካደረግሁት፣ እስካሁን አየዋለሁ። አለቃም እንደምታውቂው አፍንጫው ሥር ካለው ነገር ሌላ ጉዳይ የለውም፤ ጠዋት ተግባብተን ነበር የምንሄደው።»

«ታዲያ ለምን አትነግረኝም? ለምን? ይኼን ሁሉ መንገድ ስጎትትህ ዝም ትላለህ?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ፣ የኔ እናት? ጫማ ገዝተሽ፣ ከሰው ተጣልተሽ ፈቃድ አምጥተሽ፣ ማታም ጠዋትም ፏፏቴው ፏፏቴው ስትዪ... ደስ ይበላት አልኩ።»

እዚህ ላይ አለቀሰች ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ፊሽካ ናት፣ ተናደደች። አባቷ ላይ ተናደደች፤ ፏፏቴው ላይ ተናደደች፤ እግሯ ሥር ተቀምጦ ጭራውን በሚቆላው ውሻ ላይ ሳይቀር ተናደደች። ከሁሉ የባሰው ግን የገዛ ራሷ ነገር አንጀቷን አሳረራት። አባቷ ማየት የሚችሉት ነገር መንገዱ ላይ ነበረ! ያንን ሁሉ በትከሻዋ እየጎተተች ያሳለፈቻቸው እሷ ናት።

«ተነስ!» አለች። «እንመለስ። ትራክተሩንም ኩሬውንም፣ ሁሉንም አንድ በአንድ እናያለን። አለቃ የቆመበት ሁሉ እንቆማለን።»

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። የምትለቅመው ካገኘች ነው እንጂ! ጥቂት እንደሄዱ ደመናው ከሸንተረሩ ጀርባ ብቅ ብሎ ሰማዩን ሞላው። ፍርስራሹ ቤት ጋ ሲደርሱ ጥላ ሆነ። አባቷ ግድግዳውን ሊስሙት እስኪደርሱ ተጠጉና በጣታቸው ዳሰሱት። «የሆነ ሐረግ ነው» አሉ።

አለቃም የት አባቱ! ጠዋት ድንጋይ ሁሉ ያቆመው የነበረ ውሻ አሁን ራቱ ትዝ ብሎት ቀጥ ብሎ ወደ አውቶቡሱ ይገሰግሳል። «ቁም አለቃ! ና አሽትት!» ትላለች። አይሰማትም። ኩሬው ዳር አንገቱን ይዛ «ቅድም ምን ላይ ነበር የምትጮኸው? አሳየን!» ብትለው ውሃውን ልሶ መንገዱን ቀጠለ። ልመናዋን የሰማ ሰው አብዳለች ይል ነበር።

ትራክተሩ ጋ ሲደርሱ ጨልሟል ማለት ይቻላል። አባቷ ብረቱን በሁለት እጃቸው ያዙና ፊታቸውን አስጠጉ። «ብርሃን የለም ልጄ» አሉ። የስልኳን መብራት አበራች፤ እሳቸው ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ወደኋላ አፈገፈጉ። «ያጥበረብረኛል። ፀሐይ ነው የሚሻለኝ። ተይው በቃ፣ አውቶቡሱ ይሄድብሻል።»

አውቶቡሱ ላይ ሾፌሩ ገና ሲያያት፣ «ፊሽካ! ዛሬስ አንቺው ልታስረፍጂኝ ነው እንዴ?» ብሎ ቀለደባት። አባቷን በመስኮቱ በኩል አስቀምጣ ከጎናቸው ተቀመጠች። አለቃ ጫማቸው ላይ ተጋድሞ ወዲያው ያንኮራፋ ጀመር።

መንገድ ላይ አባቷ ጉልበቷን መታ መታ አደረጉት። ድምፃቸው የተከፋ ሰው ድምፅ አይመስልም፤ እንዲያውም ደስ ያላቸው ይመስላሉ።

«በይ እስቲ አንቺ ንገሪኝ» አሉ። «እኔ እንደሆነ ፀሐይ ሳለ አልደረስኩባቸውም። ትራክተሩ ምን ቀለም ነበረው?»

ፊሽካ ልትናገር ተመቻቸች። ትራክተሩ... አሮጌ ነው። ቀይ ነበር? ሰማያዊ? ዝጎ ነበር ወይስ ቀለሙ አለ? ወደ ግራ የተሳበውን ገመድ ታስታውሳለች፤ ሰዓቷን ታስታውሳለች።

«እሺ እሱ ይቅር፤ ኩሬውስ? አለቃ ምን አይቶ ነበር እንደዚያ የጮኸው? ግድግዳው ላይ የነበረው ሐረግስ፣ አበባ ነበረው?»

ሁለት ጤነኛ ዓይን ይዛ ነበር ያለፈችው።

«አላየሁም፣ አባዬ።»

አባቷ ፊታቸውን ወደ ድምፅዋ አዞሩ።

«አንቺም?» አሉ።