ሆድ የሌለው ሰውዬ

ሰቆጣ ላይ የኔ የምትለው ነገር አይኑርህ። ካለህም አታሳይ። እኔ ያንን ሰውዬ ስሥል ወገቤ ተቆርጧል። የእርዳታ ስንዴ የመጣበትን ነጭ ጆንያ ተርትሬ፣ አጥቤ፣ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ሰው ሣልኩበት። ከዚያ እንግሊዞች በሰው አካል እያመሳሰሉ የሚናገሯቸውን ፈሊጦች በየቦታቸው ጻፍኩ። እግሩ ላይ «ኮልድ ፊት»፣ እግሩ በረደው ካሉ ሰውየው ፈርቶ አፈግፍጓል ማለት ነው። አንገቱ ላይ «ፔይን ኢን ዘ ኔክ»፣ ይሄ ደግሞ ነዝናዛ ሰው ነው። የአንገት ሕመምስ ሰቆጣ ሞልቶልኛል፤ ርዕሰ መምህሩ አቶ ፋንታሁን አንዱ ናቸው።

የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። ልጄን ማህደርን ገና ጡት ሳላስጥላት ደብረ ታቦር እናቴ ጋ ትቼ ነው እዚህ የተመደብኩት። አሁን እናቴን «እማዬ» ትላለች፣ እኔን «አምሳለ» ትለኛለች። ክረምት ሄጄ «እማዬ በዪኝ እንጂ» ብላት አፍራ ከእናቴ ቀሚስ ሥር ትገባለች። በየዓመቱ የዝውውር ማመልከቻ አስገባለሁ፣ በየዓመቱ ጆሮ ዳባ ልበስ። ዘንድሮ ግን አቶ ፋንታሁን ራሳቸው ጠርተው «ገምጋሚ ከበላይ ይመጣል። ክፍል ገብቶ ያይሻል። ውጤትሽ ካማረ እኔው ፈርሜ እሸኝሻለሁ» አሉኝ። ሰውዬውን የሣልኩት ለዚህ ነው።

ታዲያ ገና ቀለሙ ሳይደርቅ የባዮሎጂው መምህር «ለአንድ ክፍለ ጊዜ» ብሎ ወሰደው። እሱ ሲመልሰው የፀረ ኤድስ ክበቡ ወሰደው። አፍንጫው ላይ የሰው ጣት አሻራ ይዞ መጣልኝ። እንዲህ ልቤን ሲያወልቁኝ ሰነበቱ፣ ገምጋሚው ከሰዓት በኋላ ይገባል በተባለበት ጠዋት ክፍሌን ብከፍት ግድግዳው ባዶ ነው። ጥበቃውን ብጠይቀው «ጤና ጣቢያው ወሰደው፣ አቶ ፋንታሁን ፈቅደው» አለኝ።

ደሜ ፈላ። ጋራው ሥር ያለው ጤና ጣቢያ ድረስ እየተሳደብኩ ወረድኩ። በሩ ላይ ስደርስ ሰውዬዬ ከመድኃኒት መደርደሪያው አጠገብ ተሰቅሏል። ነርሷ ጸሐዩ እንደኔው ከሌላ አገር የመጣች ናት፣ ከአገሬው ቋንቋ ከኽምጥኛ አንዲት ቃል አትሰማም። ፊት ለፊቷ ከፃግብጂ ገጠር የመጡ አንዲት አሮጊት ቆመዋል። በትራቸውን ለግራ እጃቸው ሰጥተው በቀኙ የሰውዬውን ጎን ይነካሉ፣ ከዚያ የራሳቸውን ጎን፤ የሰውዬውን ጉልበት፣ ከዚያ የራሳቸውን ጉልበት። ጸሐዩ ትጽፋለች።

«የኔ ነው፣ ልወስደው ነው» አልኳት።

«እባክሽ አምሳለ፣ ዛሬን ብቻ። አስተርጓሚያችን ለቅሶ ሄዷል። ውጭ ያለውን ሰው አላየሽም?»

አይቻለሁ። ከበሩ እስከ ግራሩ ድረስ ተቀምጠዋል። አሮጊቷ የኔን መቆጣት አይተው በተሰባበረ አማርኛ «ልጄ፣ ይሄ ሰው ጥሩ ነው። አመመኝ ስለው ይሰማል» አሉኝ። «ይማርዎት እናቴ» ብዬ ባዶ እጄን ወጣሁ። ዳገቱን ስመለስ ራሴን ነበር የምሰድበው።

የትምህርት ቤቱ በር ላይ የጂኦግራፊ መምህሩ ደሞዝ ጥላ ፈልጎ ተቀምጧል። ደሞዝ ክፍል ገብቶ ካርታ ይሰቅልና ያንቀላፋል። የሆነብኝን ስነግረው ሳቀ።

«ተመስገን በይ። ክፍሉ ይበላሽልሽ። ከዚህ መውጣት የፈለገ ሰው መስነፍ ነው ያለበት። እኔን አታዪኝም? የጎንደር ዝውውሬ ሊያልቅልኝ ነው። ማን አስቀርቶ ምን ሊያደርገኝ?»

«ሂድ ተኛ አንተ» አልኩት። ምነው በሰማሁት።

ከሰዓት ገምጋሚው ከአቶ ፋንታሁን ጋር ኋላ ተቀመጡ። እኔም ቢቸግረኝ ከተማሪዎቹ ረዥሙን ቢምረውን አስነሥቼ ጥቁር ሰሌዳው ፊት አቆምኩት። ፈሊጦቹን በቁራጭ ወረቀት ጽፌ በሊጥ ለጠፍኩበት፤ ግንባሩ ላይ፣ ጆሮው ላይ፣ ትከሻው ላይ፣ ጫማው ላይ። ክፍሉ ሳቀ። ቢምረው አልሳቀም፣ ሆዱን ቁልቁል ያያል።

«ቲቸር፣ እንግሊዝ ሆድ የለውም?»

«እንዴት?»

«ሁሉም ቦታ ለጥፈሻል። ሆዴ ባዶ ነው።»

እውነቱን ነው፣ መጽሐፉ ላይ በሆድ የሚባል አልነበረም፣ ጆንያው ላይም ባዶውን ትቼዋለሁ። ገምጋሚው አንገቱን አሰገገ። አለቀልኝ ብዬ፣ መውጫ ሳጣ፣ «እሺ፣ የናንተን ሆድ ንገሩኝ» አልኳቸው። ከዚያ ማን ያስቁማቸው? አንዱ «ሆደ ሰፊ» አለ፣ አንዷ «ሆዴ ባሰኝ»፣ ሌላው «ሆድና ጀርባ ሆኑ»። ሌላዋ በኽምጥኛ አንዱን ስትል ግማሹ ክፍል በሳቅ ፈረሰ፣ የቀረነው እስኪተረጎምልን ጠበቅን። እያንዳንዱን በእንግሊዝኛ እንዲያስረዱ አደረግኳቸው። ጸጥ ብላ የምትቀመጥ ልጅ ሳትቀር ተነሥታ ተናገረች።

«ቲቸር፣ አንቺስ?» አለ ቢምረው፣ ወረቀቱ እንደተለጠፈበት።

ሳላስበው ወጣ። «እኔ ልጄን ሳስብ ሆዴ ባር ባር ይላል። ሰው ሁሉ እየበላ እኔ እንጀራው አልወርድ ይለኛል። ለዚህ እንግሊዝኛ ካገኛችሁ ንገሩኝ» አልኩ። ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ ቾክ የምፈልግ መሰልኩ።

ደወሉ ሲደወል ወደ ቢሮ ጠሩኝ። ገምጋሚው ተነሥቶ ጨበጠኝ። በዞርኩበት ሁሉ እንዲህ ያለ ክፍል አላየሁም አለ። ውጤቴ እጅግ በጣም ጥሩ። እኔ ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ ወደ አቶ ፋንታሁን ዞርኩ።

«እንግዲህ ይፈርሙልኛላ» አልኳቸው።

አቶ ፋንታሁን መነጽራቸውን አወለቁ። «አምሳለ፣ አሁን አንቺን ለቅቄ በማን ላስተምር ነው? እኔ እኮ እንዲህ መሆንሽን አላውቅም ነበር።»

«ውጤትሽ ካማረ ብለውኝ ነበር።»

«አማረ እኮ። ችግሩም እሱ ነው» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ሳያሹ።

ገምጋሚው የሚያጽናናኝ መስሎት ጣልቃ ገባ። «በተለይ ያቺ የልጅሽ ምሳሌ! እንባሽ ሊመጣ ሲል ተማሪው እንዴት እንደተመሰጠ። ለሌሎች መምህራን እናካፍላታለን።»

«ምሳሌ አይደለችም» አልኩት። «ልጄ ናት። ደብረ ታቦር ናት።»

«አየሽ፣ ለዚያ ነው ከልብ የመጣው» አለና ጻፈው።

ደሞዝ በሰኔ ጎንደር ገባ። የሽኝቱን ንግግር እኔ እንዳደርግ ተመደብኩ፣ ጥሩ ተናጋሪ ነኝ ተብሎ። ሰውዬውም እዚያው ጤና ጣቢያ ቀረ። ጸሐዩ ሆዱን በሰማያዊ እስክሪብቶ ሞልታ አንጀቱን ሣለችለት።

የገምጋሚው ዕለት ማታውን ቴሌ ሄጄ ተሰለፍኩ። እናቴ ጎረቤት ስልክ ነው የምትጠራው፣ ዘንድሮ ተዛውሬ እመጣለሁ ብዬ አስቀድሜ ነግሬያት ስለነበር ሁሉም ይጠብቁኛል። ተጠርተው ሲመጡ ቀድማ ስልኩን ያነሣችው ማህደር ናት። እንዴት እንደምነግራት ቃል ስፈልግ፣ እሷ ትንፋሼን ሰምታ ዞር አለችና ተጣራች።

«እማዬ፣ ነይ፤ አምሳለ ናት።»