ሳይጎድል የሚቀየር ዘይት

መምህር የኋላሸት ከጎጃም ተመድበው ጅጅጋ የመጡ የፊዚክስ መምህር ናቸው። በ2002 ዓ.ም. አንድ አሮጌ መኪና ገዙ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ የፍሬኑን ዘይት አስቀይረው አያውቁም። መካኒኩ ሱጉሌ ክዳኑን ከፍቶ ባየ ቁጥር ፊቱን ያጨማድዳል።

«መምህር፣ ይሄ እኮ ጠቁሯል። ይቀየር።»

«ጎድሏል?»

«አልጎደለም። ግን ውሃ ጠጥቷል።»

«በተከደነ ዕቃ ውስጥ ውሃ ከየት ይመጣል? ካልጎደለ አይቀየርም!» ብለው ክዳኑን ራሳቸው ገጥመው ሄዱ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ፣ ገበያ ላይ ለውዝ የሚቸረችሩትን ጎረቤታቸውን፣ ሰፈሩ በሶማሊኛ «ኤዶ» (አክስት) የሚላቸውን ሀሊሞን ይዘው ባቢሌ ደረሱ። አራት ጆንያ ለውዝ ጭነው ሲመለሱ ካራማራን ወጡና ቁልቁለቱን ወደ ጅጅጋ ተያያዙት። መምህሩ ሞተሩ እንዳይጮህባቸው በአራተኛ ማርሽ፣ እግራቸውን ከፍሬኑ ሳያነሡ ነው የሚወርዱት።

«መዓሊም፣ የሆነ ነገር እየተቃጠለ ነው» አሉ ሀሊሞ፣ መምህሩን በሶማሊኛ ጠርተው።

«ከሰል የሚያከስሉ ሰዎች ይሆናሉ።»

ወዲያው ፔዳሉ ከእግራቸው ሥር ሰምጦ ወለል ነካ።

«ኤዶ! ፍሬን የለም!»

«ታዲያ እኔ ልፈብርክልህ? ማርሽ ቀንስ!» ሀሊሞ በዚህ መንገድ ሃያ ዓመት በሚኒባስ ሲመላለሱ ሾፌር የሚያደርገውን ሁሉ አይተዋል። መምህሩ ወደ ሦስተኛ፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛ ቀነሱ። ሞተሩ አጓራ። ሀሊሞ «ያ አላህ!» እያሉ የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጃቸው ጎተቱ። መኪናው መንገድ ዳር የተከመረ አሸዋ ውስጥ አፍንጫውን ቀብሮ ቆመ። አንዱ ጆንያ ተተርትሮ ለውዙ በመምህሩ አናት ላይ ወረደ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ መምህሩ ፔዳሉን ቢሞክሩት ደህና ጠንክሯል።

«አዩ ኤዶ፣ ምንም አልሆነም! ይግቡ።»

ሀሊሞ ሻሻቸውን አጥብቀው በእግራቸው መንገድ ጀመሩ። መምህሩም መኪናውን ከአሸዋው አውጥተው በአንደኛ ማርሽ ከኋላ ከኋላቸው እየተንፏቀቁ «ይግቡ እንጂ!» እያሉ እስከ ከተማው መግቢያ ለመኗቸው። ያለፈ ያገደመው የጭነት መኪና ሁሉ ጥሩምባውን እየነፋ ሳቀባቸው።

ሰኞ ሱጉሌ አሮጌውን ዘይት ጠርሙስ ውስጥ አንጠፈጠፈው። እንደ ቡና ጠቁሯል።

«ዘይቱ ከአየር ላይ ቀስ በቀስ እርጥበት ይስባል» አለ። «ፍሬኑ ሲግል ያ ውሃ ይፈላና እንፋሎት ይሆናል። እግርዎ ዘይቱን መግፋቱን ትቶ እንፋሎቱን ይጨምቃል፤ ፔዳሉ የሚሰምጠው ለዚህ ነው። ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ስለዚህ ሁለት ዓመት ሲሞላው፣ ሳይጎድልም ይቀየራል። ፈሳሽ አይታመቅም፣ ጋዝ ግን ይታመቃል።»

መምህሩ ይህችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ይጽፏታል። ጆሯቸው ቀላ።

«ይሄን ማን አስተማረህ?»

«ልጄ ኒምኮ ናት። እርስዎ ጋ ነው የምትማረው።»

መምህሩ ሂሳቡን ከፍለው ቶሎ ወጡ። ሀሊሞ ግን ዝም የሚሉ ሴት አይደሉም፤ ሱጉሌ ስለ ዘይቱ ያለውንም ሰምተው ታሪኩን ለገበያው ሁሉ አዳረሱት። ከዚያ ወዲህ የባቢሌ ሚኒባስ ሾፌሮች ችግር ላይ ወድቀዋል። ለውዝ ነጋዴዎቹ እግራቸውን ደረጃው ላይ ያደርጉና ሳይገቡ ይጠይቃሉ፦

«የፍሬን ዘይት መቼ ቀየርክ?»