ሕመሙን ያመኑለት ሰው

አደም ሃያ አራት ዓመቱ ነበር፤ ጣና ዳር ተወልዶ ያደገ፣ ሰው በጉልበቱ የሚቀናበት ዓሣ አጥማጅ። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዘጠኝ ዓ.ም. መስከረም ላይ በዓሣ አጥማጆች ማኅበር ጀልባ ከጋሼ ቢያዝን ጋር መረብ ሲጎትት ደረቱን ድንገት ጭምቅ አድርጎ ያዘው። ገመዱን ለቀቀ፤ ትንፋሹ አጠረ፤ ላብ አጠመቀው። ጋሼ ቢያዝን ሃምሳን ያለፉ፣ ከሰላምታ በቀር ቃል የማይወጣቸው ሰው ናቸው። መረቡን ትተው ሞተሩን አስነሡና ወደ ባሕር ዳር ይዘውት ከነፉ።

ሐኪሙ ደረቱ ላይ ሽቦ ለጣጥፎ የልቡን አመታት አየ፤ ራጅም አስነሣው። «አይዞህ፣ ልብህ ጤነኛ ነው» አለው። እርጉዝ ሚስቱ ሙኒራ ይህን ስትሰማ «አልሐምዱሊላህ!» ብላ በደስታ አለቀሰች።

በሳምንቱ ግን ሕመሙ ተመለሰ። እንደገና ተመረመረ፤ እንደገና ደህና ነህ ተባለ። ክፉው ነገር የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። የልብ በሽተኛ ቢባል ኖሮ ሁሉም ባዘነለት፤ ጤነኛ ስለተባለ ግን «ሥራ ጠልቶ ነው» ይሉት ጀመር። ውሎ አድሮ እሱም ራሱን ተጠራጠረ።

«ሙኒራ፣ ምናልባት እያስመሰልሁ ይሆን?»

«ማስመሰል መቼ ታውቅበታለህ?» አለችው።

ማኅበሩ ሐይቁ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ሲሰበሰብ ሊቀ መንበሩ ተክለ ጊዮርጊስ ተነሣ። «ሐኪም ጤነኛ ነው ያለው ሰው ጀልባ ላይ ተቀምጦ ይውላል። ይህ በምርት ላይ የሚሠራ አሻጥር ነው። ለቀበሌ እናሳውቅ» አለ። በዚያ ዘመን አሻጥረኛ መባል ቀልድ አልነበረም። አደም ሊናገር ብድግ አለ።

ያኔ ጋሼ ቢያዝን ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ። በስብሰባ ላይ ሲናገሩ ሰምቷቸው የሚያውቅ አልነበረም።

«አብሬው የምውል እኔ ነኝ» አሉ። «ሐኪሙ ልቡ ደህና ነው አለ እንጂ አላመመውም አላለም። ሲነሣበት ከንፈሩ ሲገረጣ በዓይኔ አይቻለሁ። መረቡን እኔ እጎትታለሁ፤ እሱ ሞተሩን ይያዝ። የምናመጣው ዓሣ ካነሰ ያን ጊዜ ሁለታችንንም ክሰሱን።»

ከኋላ አንዱ «እውነታቸውን ነው» አለ፤ ሌላውም ተቀበለው። ተክለ ጊዮርጊስ ግራ ቀኙን አየና ወደ ሌላ አጀንዳ አለፈ።

አደም በማግስቱ ድፍረት አግኝቶ ሐኪሙ ዘንድ ተመለሰ። እስከዚያ ድረስ ያፈረበትን፣ ሕመሙ በመጣ ቁጥር የምሞት ይመስለኛል የሚለውን ሳይቀር ነገረው። ሐኪሙ አዳምጦት ሲያበቃ፣ «ምክንያቱን አላገኘሁትም፤ አግኝቻለሁ ብዬ አልዋሽህም» አለው። «የሚገድልህ ግን አይደለም። ፍርሃቱም ያባብሰዋል። ሲመጣብህ ትንፋሽህን አትያዝ፤ ቀስ ብለህ ተንፍስ። ቀለል ያለ ሥራም አታቋርጥ።»

እንደ ተባለው አደረገ። ጋሼ ቢያዝን መረቡን እየጎተቱ ዞር ብለው ፊቱን ያዩታል።

«መጣ?»

«መጣ።»

«ተንፍስ።»

ሌላ ንግግር የላቸውም። ሕመሙ የሚመጣበት ጊዜ እያደር እየተራራቀ ሄደ፤ ሙኒራ ሴት ልጅ በተገላገለች ሰሞን አደም ወደ መረቡ ተመለሰ። ምን እንደነበረ ግን እስከ ዛሬ የነገረው የለም።

አንድ ቀን ዓሣውን አራግፈው ሲያበቁ፣ «ጋሼ፣ ውለታዎን በምን እመልሰዋለሁ?» አላቸው።

«የምን ውለታ? ያየሁትን ተናገርሁ እንጂ።»

«ሌላውም እኮ ያይ ነበር።»

ጋሼ ቢያዝን አፍረው አንገታቸውን ደፉ። «በል ተወው፤ ሕፃኗ ደህና ናት?» አሉት።

«ደህና ናት።»

የዚያን ዕለት አደም ሰግዶ ሲያበቃ ከምንጣፉ ቶሎ አልተነሣም። ለሚስቱና ለልጁ ዱዓ አደረገ፤ ቀጥሎም ለጋሼ ቢያዝን ዕድሜና ጤና ለመነላቸው።