ሥር የሌለው ላቨንደር

ጓደኛዬ ሁጌት ውል የምትፈርምበት ቀን ባይሆን ወደ ላቨንደር ፌስቲቫሉ አልሄድም ነበር። ለዚያ ሐምራዊ አበባ ብዬ ቤቴን ዘግቼ አልወጣም። በራፌ ላይ ሞልቷል።

ሁጌት ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷ አልቋል፣ ልጅ የላትም። ያላት ቫንቱ ተራራ ላይ ከፍ ብሎ አባቷ ከዘር ያበቀለው አንድ ማሳ ነው። ቲቦ የሚባለው፣ የፌስቲቫሉ እርሻ ባለቤት፣ ለሃያ ዓመት ሊከራየው ጠየቃት። ካልሰጠችው እሾህ ይበላዋል፣ የሚያጭደው የለም። "ከፌስቲቫሉ የማጨድ ውድድር በኋላ እፈርማለሁ" አለችን። በማርያም ዕርገት ቀን በጓደኛችን በሮዝሊን መኪና ሦስታችንም ሄድን።

ገና ስንወርድ ሸተተኝ። የወለል ማጽጃ።

"አይ ሽታ! ደስ አይልም?" አለች ሮዝሊን።

"ሽንት ቤት የገባሁ ነው የመሰለኝ።"

"አንቺ ደግሞ ማጋሊ፣ በበዓል እንኳ ፊትሽ አይፈታ!"

ሐምራዊ አይስክሬም ገዛች። ቀጥላም ሐምራዊ ሰናፍጭ የተቀባ ቋሊማ። ጥርሷ ሳይቀር ሐምራዊ ሆነ፣ በዚያው ጥርስ ሳቀችብኝ። ቀፈፈኝ። የአንዱ ቱሪስት ውሻ የላቨንደሩ መደዳ ላይ ሸና፣ ወዲያው አንዲት ነጭ ለባሽ ፎቶ ልትነሳ እዚያው ተንበረከከች። ምን ልበላት?

ከድንኳኖቹ ጀርባ አንድ ሰውዬ የመድኃኒት መርጫ አዝሎ ይረጫል።

"ለትል ነው?" አልኩት።

"ለሽታ ነው" አለኝ ሳያፍር። "አበባው ካለፈ ቆይቷል። ሰው ግን የሚመጣው ሊያሸት ነው።"

አጠገቡ "የተራራ ንጹሕ ላቨንደር" የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት እስር ይሸጣል። አንድ ዘንግ መዘዝኩ። እኛ ጋ ይሄን ሕፃንም ያውቀዋል፦ እውነተኛው ባንድ ዘንግ አንድ ራስ ነው። ሦስት ራስ ካለው ዲቃላው ነው፣ ለሳሙናና ለወለል። ዘንጉን ለሁጌት ሰጠኋት።

"ቁጠሪ።"

"አይቻለሁ።"

"ታዲያ?"

"ታዲያ ጉልበትሽን ታበድሪኛለሽ?"

ዘንጉን ተቀብዬ ጣልኩት።

ውድድሩ ተጀመረ። ስድስት ሰው ተሰለፈ። ሁጌት የአባቷን ማጭድ ከጨርቅ ፈታች። አባቷ የመጀመሪያውን ጭብጥ ሳያሸት አያጭድም ነበር፣ እሷም እንደሱ ናት። እያቃሰተች ጎንበስ አለች፣ በግራ እጇ ጨበጠች።

ማጭዱ ሳይነካው ጭብጡ ተነቅሎ እጇ ላይ ቀረ።

ሥር የለውም። ከታች በማሽን የተቆረጠ ነው። ማሳው ቀድሞ ታጭዷል፣ ለውድድሩ ሲሉ የተቆረጠውን መልሰው አፈሩ ላይ ሰክተውታል! ሌሎቹ አምስቱም አውቀዋል፣ እያወቁ እያጨዱ ነው። ሰዉ ያጨበጭባል።

"በርቺ፣ አያቴ!" ጮኸ አንዱ።

ሁጌት ሁለተኛውን ነቀለች። ሦስተኛውን። እንደ ካሮት። አሸተተችው፣ መሬት ላይ አስተኛችው።

ቲቦ ማይክራፎኑን ይዞ እየሮጠ መጣ። "ልዩ ሽልማት፣ ለወይዘሮ ሁጌት!" ብሎ አንድ ጠርሙስ የላቨንደር ዘይት አስያዛት። ጠርሙሱ ላይ የአባቷ ፊት አለ፣ ባርኔጣው፣ ጢሙ፣ ሁሉ ነገር። ከፍታ አሸተተችና ለኔ አቀበለችኝ። ካምፎር፣ የዲቃላው ሽታ። አፍንጫዬን አቃጠለኝ።

"ፎቶውን ለቢሮህ ግድግዳ ነበር የሰጠሁህ" አለችው።

"ማስታወሻ ይሆናል ብዬ ነው። ሰው ታሪክ ይወዳል። ውሉ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ እስክሪብቶም አለ።"

"ማሳዬ ላይ ምን ልትተክል ነው?"

"ያው... ገበያው የሚፈልገውን።"

"ስንት ራስ ያለው?"

ማይክራፎኑን አጠፋና ፈገግ አለ። "ወይዘሮ ሁጌት፣ ማን ይቆጥራል ብለው ነው?"

ሁጌት ማጭዷን በጨርቁ ጠቀለለች።

"አልፈርምም። እሾህ ይብላው።"

"ተናደው ነው፣ ነገ እደውላለሁ።"

"ደውል። ስልኬ እዚያ ከፍታ ላይ አይሠራም።"

መንገድ ላይ ሮዝሊን መኪናውን አቁማ በሩን ከፈተችና አስመለሳት። ሐምራዊ፣ ቋሊማው ጭምር። "በልተሽ ጥገቢ" አልኳት። ሁጌት ከኋላ ተቀምጣ የአባቷን ፊት ከጠርሙሱ ላይ በጥፍሯ ትልጣለች። ሙሉውን አልወጣ አላት፣ አንድ ዓይኑና ግማሽ ጢሙ መስታወቱ ላይ ቀረ።

"ማጋሊ" አለች ቀና ሳትል። "እሑድ ምን አለሽ?"

"ምን ፈልገሽ ነው?"

"ማሳዬ ገና አልታጨደም።"

ሮዝሊን አፏን በመሐረብ ጠርጋ ሞተሩን አስነሳች። የሸተትነው ሽታ! መስኮቱን እስከ ታች አወረድኩት።

"ማጭዴ ዝጓል" አልኳት።

"ሞረድ አለኝ" አለች።