ከዌስትሬይ እስከ ፓፓይ

ኤርሌንድ የሚወዳትን ቶራን አውሮፕላን ተሳፍረው አየር ላይ ሳሉ ለጋብቻ ሊጠይቃት የቆረጠው ደፋር ስለሆነ አይደለም፤ ፈሪ ስለሆነ ነው። አምና የአጎቱ ልጅ ከዌስትሬይ ደሴት ወደ ፓፓይ ደሴት በሚሻገረው ጀልባ ላይ አንዲትን ሴት "አግቢኝ" ቢላት፣ ገና ከወደቡ ሳይርቁ እምቢ አለችው። ከዚያ በኋላ ያንን ሁሉ መንገድ ሁለቱ ባሕሩን እያዩ፣ ተሳፋሪው ደግሞ እነሱን እያየ ተሻገሩ። ሰውየው እስከ ዛሬ ጀልባ ባየ ቁጥር ፊቱ ይቀላል።

በሁለቱ ደሴቶች መካከል የምትመላለሰው ትንሿ አውሮፕላን ግን ያንኑ ባሕር ለመሻገር ሁለት ደቂቃ እንኳ አትፈጅም። "እምቢ ብትለኝም ኀፍረቱ ፊቴ ላይ ሳይወጣ እወርዳለሁ" አለ ኤርሌንድ ለላሞቹ። ከላሞቹ ሌላ የሚያማክረው የለውም። ቶራን ግን ከልቡ ይወዳታል፤ ይኸው ሦስት ዓመቱ።

ቶራ የፓፓይን ልጆች ቫዮሊን ልታስተምር በየረቡዑ ትበራለች። በዚያ ረቡዕ ኤርሌንድ ንጹሕ ሹራብ ለብሶ ከጎኗ ተቀመጠ። ከኋላቸው እማማ ጄሲ ጫጩቶች ያሉበት ካርቶን ታቅፈዋል።

አውሮፕላኗ ተነሣች። የቀረው መናገር ብቻ ነበር። ችግሩ፣ በእነዚህ ደሴቶች ስለ አየሩ ሳያወራ ወደ ቁም ነገር የሚገባ ሰው የለም፤ ቤትህ ተቃጠለ ለማለት እንኳ መጀመሪያ ስለ ዝናቡ ይወራል።

"ነፋሱ ዛሬ ከምዕራብ ነው!" አለ ኤርሌንድ። ሞተሩ ስለሚያጓራ ካልጮኹ አይደማመጡም።

"ከምዕራብ ነው" አለች ቶራ።

"ትናንት ከደቡብ ነበር!"

"ነበር።"

"ለሣሩ ግን..."

"ኧረ አንተ ልጅ፣ ደረስን እኮ!" አሉ እማማ ጄሲ ከኋላ። "ሣሩን ተወውና ተናገር!"

እውነታቸውን ነው። ያ የምዕራብ ነፋስ ከኋላ እየገፋ መንገዱን ከወትሮውም አሳጥሮበት ኖሯል። ጎማው መሬት ነካ፤ አውሮፕላኗ ቆመች። ኤርሌንድ ዓይኑን ጨፍኖ ባለ በሌለ ድምፁ "ታገቢኛለሽ ወይ?" ብሎ ሲጮኽ አብራሪው ሞተሩን አጠፋው። ጥያቄውን ሜዳው ላይ የቆሙት ሠራተኞች ሳይቀሩ ሰሙት።

"ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ ነፋስ ስታወራልኝ ከረምክ" አለች ቶራ። "አገባሃለሁ እንጂ! ምን ጥያቄ አለው?"

ኤርሌንድ ለእምቢታው በደንብ ተሰናድቶ ነበር፤ አንገቱን ደፍቶ በየት በኩል እንደሚወጣ ሳይቀር አስቦበታል። ለእሺታው ግን ምንም አላሰበም። ደስታው ገና ከሆዱ ተነሥቶ ጉሮሮው ሳይደርስ አብራሪው "ውረዱ እንጂ!" አላቸው።

ከሰዓት በኋላ አብራሪው ሊመልሳቸው ሲጠብቅ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን አልፈው ወደ ወደቡ ሲወርዱ አያቸው።

"እናንተ! ወዴት ነው? ቲኬት ቆርጣችሁ የለም እንዴ?"

"በጀልባ ነው የምንመለሰው!" አለ ኤርሌንድ።

"ጀልባው እኮ ይዘገያል!"

"ለዚያ ነው እኮ!"